ኮንትራስት ትሬኒንግ ምንድነው? ከብረት ቀጥሎ መዝለል ለምን ጉልበት ይጨምራል?

አዳማ፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ ወይም ሻሸመኔ ውስጥ ቮሊቦል፣ እግር ኳስ፣ ቅርጫት ኳስ ወይም አትሌቲክስ የምትሰሩ ከሆነ ይሄ ፅሁፍ ለእናንተ ነው። "ዝላይ እንዴት ልጨምር?" የሚል ጥያቄ በብዛት ይመጣል። ስልካችሁ ላይ ደግሞ "በ2 ሳምንት 20 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ" የሚሉ ቪዲዮዎች ሞልተዋል። አብዛኞቹ ውሸት ናቸው። ዝም ብሎ የተከተላቸው ደግሞ ዝላይ ሳይጨምር ጉልበቱን ይዞ ቁጭ ይላል።

ዛሬ የምናየው አሰልጣኞች ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙበትን፣ ተመራማሪዎችም በደንብ የፈተሹትን አንድ ዘዴ ነው። ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሰራ፣ ማን መጀመር እንዳለበትና ማን ገና እንዳልደረሰ እንይ። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

👉 ምን ማለት ነው?

ኮንትራስት ማለት ተቃራኒ፣ የሚነፃፀር ነገር ማለት ነው። ልምምዱም እንደ ስሙ ነው። መጀመሪያ ከባድ ክብደት ጥቂት ጊዜ ታነሳላችሁ። ትንሽ ታርፋላችሁ። ከዛ በተመሳሳይ ጡንቻ፣ በተመሳሳይ እንቅስቃሴ፣ ነገር ግን በቀላል ክብደት ወይም ያለ ክብደት በሙሉ ፍጥነት ትዘላላችሁ።

ምሳሌ፦
✅ ከባድ ስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) → ወደ ላይ ዝላይ
✅ ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት ማንሳት) → ባላችሁበት ቆማችሁ ወደ ፊት ዝላይ
✅ ቤንች ፕሬስ → ከባድ ኳስ በደረት መወርወር

ዋናው ህግ ሁለቱ ልምምዶች መመሳሰል አለባቸው። ስኳት ሰርቶ ፑሽአፕ መስራት ኮንትራስት አይባልም።

👉 ከየት መጣ?

ስሩ ወደ ሶቪየት ህብረት ይሄዳል። ዩሪ ቬርኾሻንስኪ የተባለ የዝላይ አሰልጣኝና ተመራማሪ በ1960ዎቹ ከሳጥን ላይ ወርዶ መሬት እንደነኩ ወዲያው ወደ ላይ የመዝለልን ልምምድ አስፋፋ። ከባድ ክብደትንና ዝላይን በአንድ ቀን አገናኝቶ ማሰራትም ከእነዚህ አሰልጣኞች የመጣ ሀሳብ ነው። አሜሪካዊው የቀድሞ ሯጭ ፍሬድ ዊልት በ1975 ለዝላይ ልምምዶቹ "ፕላዮሜትሪክስ" የሚለውን ስም አወጣላቸው። ስሙ እስከ ዛሬ አለ።

በኋላ ፈረንሳዊው ዢል ኮሜቲ አራት ልምምዶችን በተከታታይ የሚያሰራ ዓይነት አመጣ። እሱን ደግሞ በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኙ ካል ዲትዝ "የፈረንሳይ ኮንትራስት" ተብሎ እንዲታወቅ አደረገው። ኢንተርኔት ላይ በብዛት የምታዩት እሱን ነው። ግን እሱ ለጀማሪ አይደለም።

👉 ሰውነት ውስጥ ምን ይፈጠራል?

20 ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን ተሸክማችሁ ቆይታችሁ ስታወርዱት ሰውነታችሁ የቀለለ ይመስላችኋል አይደል? ነገሩ ትንሽ ይሄን ይመስላል። ግን ስሜት ብቻ አይደለም።

ከባድ ነገር ስታነሱ አእምሮ ብዙ የጡንቻ ክሮችን፣ በተለይ ፈጣኖቹንና ጠንካሮቹን ለስራ ይጠራል። ጡንቻው ውስጥም ማዮሲን የሚባለው ፕሮቲን ላይ ኬሚካላዊ ለውጥ ይከሰትና ክሩ ለካልሲየም የበለጠ ስሜታዊ ይሆናል። ካልሲየም ደግሞ ጡንቻ እንዲኮማተር የሚያደርገው ቁልፍ ነው። በዛ ላይ ጡንቻው ይሞቃል። ሞቅ ያለ ጡንቻ ደግሞ ፈጥኖ ይሰራል።

ግን ሌላም ነገር አለ፤ ድካም። ከባድ ስኳት እንደጨረሳችሁ ሁለቱም አብረው አሉ፤ መነቃቃቱም ድካሙም። ወዲያው ከዘለላችሁ ድካሙ ያሸንፋል፣ ዝላያችሁም ይቀንሳል። በጣም ከዘገያችሁ ደግሞ መነቃቃቱ ይጠፋል። ድካሙ ወርዶ መነቃቃቱ ገና ያልጠፋበትን ሰዓት ማግኘት ነው ጥበቡ።

ያ ሰዓት ስንት ደቂቃ ነው? ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያዩ ተመራማሪዎች እንደሚሉት ጠንካራ ስፖርተኞች ከ5 እስከ 7 ደቂቃ፣ ገና ጠንካራ ያልሆኑት ደግሞ 8 ደቂቃና ከዛ በላይ ያስፈልጋቸዋል። ጠንካራ የሚሉት ከሰውነቱ ክብደት 1.75 እጥፍ ተሸክሞ ስኳት መስራት የሚችለውን ነው። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከሆነ ወደ 114 ኪሎ ማለት ነው። እንግዲህ ቪዲዮ ላይ ስኳት ሰርቶ በ10 ሰከንድ ውስጥ ሲዘል የምታዩት ሰው ከፍተኛ ዝላዩን እያሳያችሁ አይደለም።

👉 ለእኛ ሀገር ስፖርት ምን ይጠቅማል?

"ኢትዮጵያ የሯጮች ሀገር ናት፣ ዝላይ ምን ያደርግልናል?" የሚል አይጠፋም። መልሱ እዚሁ ቅርብ አለ።

መሰናክል፦ 3,000 ሜትር መሰናክል ሩጫም ዝላይም ነው። አንድ ሯጭ 28 ጊዜ መሰናክል፣ 7 ጊዜ ደግሞ ውሃ ያለበትን ይሻገራል። በድምሩ 35 ዝላይ! የወንዶቹ መሰናክል ከፍታ 91.4 ሴንቲ ሜትር፣ የሴቶቹ 76.2 ሴንቲ ሜትር ነው። እሸቱ ቱራ በ1980 የሞስኮ ኦሊምፒክ በዚህ ርቀት ነሐስ አምጥቷል። የአርሲው ልጅ ለሜቻ ግርማ ደግሞ ሰኔ 9 ቀን 2023 ፓሪስ ላይ 7:52.11 ሮጦ ለ19 ዓመት የቆየውን የዓለም ክብረወሰን ሰብሯል። እዛው ፓሪስ፣ በ2024 ኦሊምፒክ ፍፃሜ ግን የመጨረሻው ዙር ላይ መሰናክል መትቶት ወድቆ በቃሬዛ ሲወጣ ሁላችንም አይተናል። ሰው በትኩስነቱ የሚዘለውን ሲደክም መዝለል ይከብደዋል። የእግር ጉልበት መጠባበቂያ ያለው ሯጭ ግን ያው መሰናክል ከአቅሙ ትንሹን ክፍል ነው የሚወስድበት።

ረጅም ርቀት፦ በ1999 የወጣ የፊንላንድ ጥናት ላይ ሯጮች ለ9 ሳምንት ከልምምዳቸው አንድ ሦስተኛ የሚሆነውን በዝላይ፣ በአጭር ፈጣን ሩጫና በጉልበት ስራ ተኩ። የ5 ኪሎ ሜትር ሰዓታቸው ተሻሻለ። የሚገርመው ከፍተኛ የኦክስጅን አጠቃቀማቸው አልጨመረም። የጨመረው እግራቸው መሬቱን የሚገፋበት ጉልበትና ቁጠባ ነው።

እግር ኳስ፦ የአዳማ ከተማን ጨዋታ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ገብቶ ያየ፣ ወይም ፕሪምየር ሊጉ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ሲካሄድ የተከታተለ ያውቃል። የማዕዘን ምት ላይ ቴስታ የሚያሸንፈው ሁሌ ረጅሙ አይደለም። ቀድሞ የተነሳው ነው። የመጀመሪያዎቹ 5 እርምጃዎች ላይ መቅደምም ከዚሁ ጉልበት ይመጣል።

ቮሊቦልና ቅርጫት ኳስ፦ እዚህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም። የወንዶች ቮሊቦል መረብ 2.43 ሜትር፣ የሴቶቹ 2.24 ሜትር ነው። ስማሽና ብሎክ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ብዙ ነው።

👉 ማን ይጀምር? ማን ይቆይ?

ይሄን ክፍል አትዝለሉት።

ኮንትራስት ለጀማሪ አይደለም። ከባዱን ክፍል በትክክል ማንሳት ካልቻላችሁ የሚቀራችሁ ጉዳት ብቻ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን አሟሉ፦

✅ ቢያንስ 3 ወር መደበኛ የጉልበት ስራ ሰርታችኋል
✅ ጀርባችሁ ሳይጎብጥ፣ ተረከዛችሁ ሳይነሳ ስኳት ትሰራላችሁ
✅ ዘላችሁ ስታርፉ ጉልበታችሁ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ድምፃችሁም ቀስ ያለ ነው
✅ በአንድ እግር ቆማችሁ 8 ጊዜ ቀስ ብላችሁ ዝቅ ብሎ መነሳት ትችላላችሁ
✅ የጉልበት፣ የቁርጭምጭሚት ወይም የጀርባ ህመም አሁን የለባችሁም

ጉልበት ወደ ውስጥ መግባት ቀላል ነገር አይደለም። ጉልበት ውስጥ ያለው ጅማት የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ አስተራረፍ ነው፤ ሴት ስፖርተኞች ደግሞ ከወንዶቹ በበለጠ ይጋለጣሉ። ጅማቱ ከተበጠሰ ወደ ሜዳ ለመመለስ ብዙውን ጊዜ 9 ወርና ከዛ በላይ ይፈጃል። አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ እህቶችም ወንድሞችም፣ መጀመሪያ ማረፍን ተማሩ፣ ከዛ መዝለልን።

ዕድሜያችሁ ከ16 በታች ከሆነ በሰውነት ክብደት መስራት፣ ገመድ መዝለልና ቀላል ዝላይ ለጊዜው ይበቃል። ብረት የግድ አሰልጣኝ ባለበት ይሁን።

👉 ፕሮግራሙ (ለ6 ሳምንት)

በሳምንት 2 ቀን ብቻ። በመሀል ቢያንስ 48 ሰዓት እረፍት። ለምሳሌ ማክሰኞና አርብ። እሁድ ጨዋታ ካላችሁ አርቡን ወደ ሐሙስ አምጡት።

ማሟሟቂያ (ከ10 እስከ 15 ደቂቃ)፦ ቀላል ሩጫ፣ የዳሌና የቁርጭምጭሚት እንቅስቃሴ፣ ያለ ክብደት ስኳት፣ ከ4 እስከ 5 ቀላል ዝላይ። ከዛ ክብደቱን ቀስ በቀስ ጨምሩ።

ጥንድ 1
• ስኳት፦ 3 ወይም 4 ድግግሞሽ፣ አንዴ ብቻ ማንሳት ከምትችሉት ከፍተኛ ክብደት ከ80 እስከ 85 በመቶ
• እረፍት፦ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ
• ወደ ላይ ዝላይ፦ 4 ጊዜ፣ እያንዳንዱ በሙሉ ኃይል
• እረፍት 3 ደቂቃ፣ ከዛ መድገም። በድምሩ 3 ዙር

ጥንድ 2
• ዴድሊፍት፦ 3 ድግግሞሽ፣ በተመሳሳይ መጠን
• እረፍት፦ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ
• ቆሞ ወደ ፊት ዝላይ፦ 3 ጊዜ
• በድምሩ 2 ዙር

ከፍተኛ ክብደታችሁ 100 ኪሎ ከሆነ የምትሰሩት ከ80 እስከ 85 ኪሎ ነው። 4 ጊዜ ስታነሱ "ሁለት ሦስት እጨምር ነበር" ማለት አለባችሁ። እስኪያቅታችሁ ከሰራችሁ ኮንትራስት አበቃ፤ ድካም ብቻ ነው የቀራችሁ።

"8 ደቂቃ ቁጭ ብዬ ምን ላድርግ?" ካላችሁ በእረፍቱ የእጅና የሆድ ስራ መስራት ትችላላችሁ፣ እግር የማያደክም እስከሆነ ድረስ። ቲክቶክ ላይ ግን አትጥፉ፣ ሰዓት ሙሉ።

ከ1ኛ እስከ 2ኛ ሳምንት ከ75 እስከ 80 በመቶ፣ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ሳምንት ከ80 እስከ 85 በመቶ ስሩ። 6ኛው ሳምንት ላይ ዙሩን በግማሽ ቀንሱ። ሰውነት የሚጠነክረው ሲያርፍ ነው።

👉 ጂም ለሌላችሁስ?

ጂም መግባት ለሁሉም አይደርስም። ይሄ ግን በር አይዘጋም።

አንድ እግር፦ የኋላ እግራችሁን ወንበር ላይ አድርጋችሁ በፊት እግር ዝቅ ብላችሁ ተነሱ። ያ አንድ እግር አብዛኛውን የሰውነታችሁን ክብደት ይሸከማል። 20 ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። እሱን ስትጨምሩበት ለብዙ ሰው ከባድ ይሆናል። በእያንዳንዱ እግር 5 ጊዜ ሰርታችሁ፣ አርፋችሁ፣ ዝለሉ።

የማይነቃነቅ ነገር መሳብ፦ ጠንካራ የጭነት ገመድ ከእግራችሁ ስር አሳልፉ፣ ሁለቱን ጫፍ በእጃችሁ ያዙ፣ ጀርባችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ጉልበት አጠፍ ብላችሁ ወደ ላይ ጎትቱ። ገመዱ አይንቀሳቀስም፤ እናንተ ግን በሙሉ ኃይል 5 ሰከንድ ትገፋላችሁ። 3 ጊዜ። ወጪው የገመድ ዋጋ ብቻ ነው።

የሲሚንቶ ብረት፦ ሰፈር ውስጥ በጣሳ ሲሚንቶ ሞልቶ በቱቦ የተሰራ ክብደት ብዙ ቦታ አለ። ከተጠቀማችሁ ሁለቱን ጫፍ ሚዛን ላይ አስመዝኑ። አንዱ ጎን 3 ኪሎ ቢበልጥ ጀርባችሁን በየቀኑ ያጣምማል። የተሰነጠቀውን አትጠቀሙ።

ጓደኛ ተሸክሞ ስኳት መስራት ግን ይቅር። ጓደኛ ይንቀሳቀሳል፣ ይስቃል፣ ጀርባችሁ ይከፍላል።

👉 ቦታ፣ ሙቀት፣ ውሃ፣ ምግብ

ቦታ፦ አስፋልትና ሲሚንቶ ላይ አትዝለሉ። ሳር ወይም የተስተካከለ አፈር ሜዳ ይሻላል። አሸዋ ጉልበት አይጎዳም፣ ግን ፈጥኖ የመንጠር ችሎታን አያሰለጥንም። ለእረፍት ሳምንት ጥሩ ነው።

ሙቀት፦ አዳማ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ናት፣ ቀን ላይ ትሞቃለች። ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ስሩ። አሰላና በቆጂ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ጠዋት ብርድ ስለሆነ ማሟሟቂያውን አርዝሙት።

ውሃ፦ በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ የጉድጓድ ውሃዎች ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ለዓመታት ከዛ በላይ ሲጠጣ ጥርስ ያበላሻል፣ ሲብስ አጥንትና መገጣጠሚያ ይጎዳል። ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም። ስፖርተኛ ብዙ ስለሚጠጣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅመዋል።

ምግብ፦ ጉልበት ለሚሰራ ሰው በቀን በኪሎ ክብደቱ 1.6 ግራም አካባቢ ፕሮቲን ይበቃል። ጾም ላይ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ አተርና ለውዝ አብዝታችሁ በቀን ከፋፍላችሁ ብሉ። ከጾም ውጪ እንቁላል፣ ወተት፣ የባቱ አሳ አለ። ረመዳን ላይ ከባዱን ልምምድ ከኢፍጣር በኋላ አድርጉት። ምንነቱ የማይታወቅ መርፌና ኪኒን ግን አትንኩ። ጤናም ይጎዳል፣ በዶፒንግም ያስቀጣል።

👉 ዝላያችሁን በስልክ ለኩ

ካልለካችሁ መጨመራችሁን አታውቁም። ሁለት መንገድ አለ።

1ኛ. ግድግዳና ጠመኔ፦ ጣታችሁ ላይ ጠመኔ ቀቡ። ቆማችሁ እጃችሁ የሚደርስበት ላይ ምልክት አድርጉ። ከዛ ዘላችሁ ምልክት አድርጉ። ልዩነቱ ዝላያችሁ ነው።

2ኛ. የስልክ ቪዲዮ፦ ስልኩን መሬት አጠገብ አስቀምጣችሁ እግራችሁን በስሎ ሞሽን ቅረፁ። እግራችሁ መሬት ከለቀቀበት እስከሚነካበት ስንት ምስል እንዳለ ቁጠሩ። ስልካችሁ በሰከንድ 240 ምስል የሚቀርፅ ከሆነና 120 ምስል ከቆጠራችሁ አየር ላይ 0.5 ሰከንድ ቆይታችኋል። ቀመሩ፦

ዝላይ በሴንቲ ሜትር = 122.6 × ሰከንዱ × ሰከንዱ

0.5 ሰከንድ → 30.7 ሴንቲ ሜትር
0.55 ሰከንድ → 37.1 ሴንቲ ሜትር
0.6 ሰከንድ → 44.1 ሴንቲ ሜትር

ስልኩ በሰከንድ 30 ምስል ብቻ ከሆነ አንድ ምስል መሳሳት ብቻውን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ያዛባል። ስለዚህ ጠመኔው ይሻላችኋል። አየር ላይ ጉልበት አጥፎ ማረፍም ቁጥሩን በውሸት ያሳድጋል፤ ቀጥ ብላችሁ በጣታችሁ ጫፍ እረፉ፣ ከዛ እጠፉ።

በልምምድ ቀንም ይሄው ይጠቅማል። ዝላያችሁ ከጀመራችሁበት በ10 በመቶ ከወረደ የዕለቱ ስራ በቃ። ከዛ በኋላ ያለው ድካም መለማመድ ነው።

👉 ብዙ ጊዜ የሚነገሩ ነገሮች

"ብረት ቁመት ያሳጥራል" — በትክክል በሰለጠነ ሰው ቁጥጥር ስር እስከሆነ ድረስ ለዚህ ማስረጃ የለም። ጉዳቱ የሚመጣው ካለ አቅም ከማንሳት ነው።

"ብረት የሚያነሳ ይዘገያል" — በዝቅተኛ ድግግሞሽ ጠንክሮ አንስቶ የሚዘል ሰው ይፈጥናል እንጂ አይዘገይም።

"በየቀኑ ብሰራ ቶሎ እዘላለሁ" — በየቀኑ ከሰራችሁ ከጉልበት ቆብ በታች ያለው ጅማት መቁሰል ይጀምራል። ቮሊቦል ተጫዋቾች ይሄን ህመም በደንብ ያውቁታል።

"ኮንትራስት ከሁሉም ይበልጣል" — ጥናቶች ዝላይ እንደሚጨምር ያሳያሉ። ግን ጉልበትና ዝላይን በተለያየ ቀን ከሚሰራ ሰው ሁሌ ይበልጣል ማለት አይደለም። ትልቁ ጥቅሙ ጊዜ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ክፍለ ጊዜ ትጨርሳላችሁ። ትምህርት ወይም ስራ እያላችሁ በሳምንት 2 ቀን ብቻ ለምታገኙ ይሄ ቀላል አይደለም።

👉 መቼ ነው ማቆም ያለባችሁ?

❌ ጉልበት ፊት ለፊት የሚወጋ ህመም፣ በተለይ ደረጃ ስትወርዱ
❌ ያበጠ ወይም "ከዳኝ" የሚያስብል ጉልበት
❌ ወደ እግር የሚወርድ የጀርባ ህመም
❌ ከ3 ቀን በላይ የማይለቅ የጡንቻ ህመም

እነዚህ ካሉ ወጌሻ ጋር ከመሮጥ በፊት ሀኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት አሳዩ። ያበጠ ጉልበት አይታሽም።

በ6 ሳምንት የሚጠበቀው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን የማዕዘን ምት ላይ፣ መረብ ላይ፣ 35ኛው መሰናክል ላይ ልዩነቱ ያ ነው። ክለብ ሙከራ ላይ አሰልጣኙ የሚያያችሁ ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው፤ ያን ጠዋት ጤነኛ ጉልበት ይዛችሁ መገኘት ከሁሉም ይቀድማል።

ሴቭ አድርጉት፣ አብሯችሁ ለሚሰራ ጓደኛም ላኩለት። የመጀመሪያ ቀን ዝላያችሁን ለክታችሁ ፃፉት፣ ከ6 ሳምንት በኋላ ደግሞ ኮመንት ላይ ስንት እንደጨመራችሁ ንገሩን። 💪